ፈረስ ይሽቀዳደማል፤ ግጥምስ?

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የተገኘ ሰው ፈረስ ያያል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ከየአካባቢያቸው ተጠራርተው፣ ፈረሶቻቸውን በጌጥ አንቆጥቁጠው ሜዳውን ይሞሉታል። ለዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና ፈረሶቻቸውን የሚያስቡበት በዓል ነውና ሽማግሌውም ወጣቱም ኮርቻ ላይ ነው። ጉግስ አለ፤ ሽርጥ አለ፤ ግልቢያ አለ። ግልቢያው ላይ ዳኛ መሆን ብዙ አያስቸግርም። ማን ቀድሞ እንደገባ ሺህ ዐይን ያያል፤ ዳኛው ቢሳሳት እንኳ ሺህ አፍ ያርመዋል። የተቀደመው ሰው ቢናደድ በፈረሱ ነው፤ አለዚያም በልጓሙ ያሳብባል። ማታ ቤቱ ገብቶ ግን መቀደሙን አይክድም።

እስቲ ከዚያ ሜዳ ጥቂት ፈቀቅ እንበልና አንድ ነገር እናስብ። በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ሃይኩ በተባለው የጃፓኖች አጭር ግጥም መወዳደር የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ። ዕድሜ አይገድብም። ሦስት መስመር ይበቃል። አንደኛ ለወጣ መዝገበ ቃላት፣ ሁለተኛ ለወጣ ልብ ወለድ መጽሐፍ፣ ሦስተኛ ለወጣ ደብተርና ብዕር» ይላል። እንዲህ ያለው ውድድር በሌላው ዓለም የሠፈር ቤተ መጻሕፍት ዘንድ የተለመደ ነው። እንጅባራ ላይ ግን ማስታወቂያውን የለጠፍሁት እኔ ነኝ፤ ያውም በምናቤ። ከዳንግላም ከእንጅባራም ሰው ወረቀቱን ይዞ መጣ እንበል። ተማሪ አለ፤ ጡረታ የወጣ መምህር አለ፤ ገበያ ውላ የመጣች እናት አለች። ከፊታቸው ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው በስተኋላ ዳኛው ተቀምጧል።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰው በገዛ ዐይኑ ያየውን በሦስት መስመር ጽፎ ሲያመጣ፣ «ያንተ ሦስተኛ ነው» ብሎ ለመመለስ ዳኛው መብቱን ከየት አገኘው?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። የደብተርና የብዕር ነገር ነውና ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ዳሩ ግን አንድ ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቱ «አትችልም» ተብሎ ከተመለሰ ብዕሩን ዳግመኛ ላያነሣ ይችላል። ከዚህ የሚብስም አለ። አዳራሽ ሙሉ ሰው በዚያች ዕለት የትኛው ኑሮ ለጆሮ እንደሚበቃ፣ የትኛው እንደማይበቃ ተምሮ ይወጣል። ፈረስ ሲቀደም የሚጎድለው ርቀት ነው። ግጥም ሲቀደም ምን እንደሚጎድል እንመልከት።

* * *

አስቀድሞ ሃይኩ ምን እንደሆነ እንነጋገር። ሃይኩ በአምስት፣ በሰባትና በአምስት ድምፅ የሚከፈል፣ በጠቅላላው 17 ድምፅ ብቻ ያለው ግጥም ነው። ቤት አይመታም። «አዘንሁ፣ ተደሰትሁ» እያለም አያብራራም፤ የታየውን ነገር አስቀምጦ ይወጣል። ወቅቱን የሚያሳውቅ አንድ ቃል በውስጡ ይኖራል። መካከሉ ላይ ደግሞ ትንፋሽ የሚያስይዝ መቁረጫ አለው፤ ከመቁረጫው ወዲህና ወዲያ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የሚያገናኛቸው አንባቢው ነው።

አመጣጡ ከማኅበር ነው። ጃፓኖች አብረው ተቀምጠው እየተቀባበሉ የሚገጥሙት ረጅም ግጥም ነበራቸው። የመክፈቻዋን ስንኝ እንዲናገር ብዙውን ጊዜ የሚጋበዘው የዕለቱ የክብር እንግዳ ነበር። ያች የመክፈቻ ስንኝ በጊዜ ብዛት ከረጅሙ ግጥም ተነጥላ ራስዋን ቻለች። ማትሱዎ ባሾ (1644–1694 እ.ኤ.አ.) ክብር ሰጣት፤ ማሳኦካ ሺኪ (1867–1902 እ.ኤ.አ.) ሃይኩ የሚለውን መጠሪያ አጸናላት። ሦስት መስመር የሚባለውም ነገር ከጃፓን ይልቅ የተርጓሚዎች ልማድ ነው፤ ጃፓኖች ብዙውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች በሚወርድ አንድ መስመር ይጽፉታል።

የወቅት ቃል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዓመቱን ክረምት፣ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ ብለን ለአራት ከፍለናል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን አርባ ቀናት ዘመነ ጽጌ ብለን ለአበባ ለይተናል። የአዊ ደጋ ሰውም ከሰማዩ ቀለም፣ ከገብሱ ቁመት፣ ከቀርቀሃው ሽውታ ወሩን ይናገራል። የእንጅባራ ሰው ወቅቱን የሚያሳውቅ ቃል ፍለጋ ጃፓን ድረስ መሄድ አያስፈልገውም ማለት ነው።

* * *

አሁን ወደ ዳኛው ጠረጴዛ እንመለስ። ከፊቱ ሁለት ወረቀቶች አሉ። ሁለቱንም ለምሳሌ ያህል የጻፍኋቸው እኔ ስለሆንሁ በማንም አይመካኝ። የመጀመሪያው የተማሪ ነው፦

ቼሪ አበባ
በነፋስ ረግፎ ባየው
ልቤ አዘነ

ሁለተኛው ከፋግታ ለኮማ የመጣች እናት ለልጇ ነግራ ያስጻፈችው ነው፦

አምስት ዓመት ያሳደግሁት ዛፍ
በጆንያ ተጭኖ ሄደ
ጥላውስ?

የፋግታ ለኮማን ገበሬ የሚያውቅ ሰው ይህችን ሦስት መስመር ለመረዳት አስተርጓሚ አይፈልግም። በዚያ አገር ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ይተክላል፤ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጠዋል፤ ያከስለዋል፤ ከሰሉም በጆንያ ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ለብዙ ቤተሰብ የልጅ ልብስና የጣራ ቆርቆሮ የወጣው ከዚያ ጭስ ነው። እናቲቱ ዛፉን በመሸጧ አልተጸጸተችም። ብሩንም አልረገመችም። ግን ጆንያ ውስጥ ያልገባ አንድ ነገር እንደነበረ አስተዋለች፤ ጠየቀችም።

ዳኛው ደንብ አለው። ደንቡ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት ይላል። የተማሪው ግጥም ጆሮ ሰጥተው ሲቆጥሩት ልክ ነው። የእናቲቱ የመጀመሪያ መስመር ሞልቶ ይፈስሳል፤ የመጨረሻው ገና ሳይጀመር ያልቃል። ስለዚህ አንደኛ የሚወጣው፣ አይቶት በማያውቀው አበባ አዝኛለሁ ያለው ልጅ ነው። አዳራሹ ያጨበጭባል። እናቲቱም «እኔ ድሮም አልተማርሁም» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች።

ልጁ አጥፍቷል አልልም። አብነት አድርጎ የሰጡት ግጥም የቼሪ ከሆነ ቼሪ መጻፉ ምን ያስደንቃል? ጥፋቱን ከደንቡ ዘንድ እንፈልገው።

* * *

ደንቡን ጠጋ ብለን ስናየው ራሱ እንደሚንገዳገድ እንረዳለን። በአማርኛ አምስት ቀለም ማለት ምን ማለት ነው? ፊደል እንቁጠር ካልን «ብርድ» ሦስት ነው፤ «ውርጭ» ሦስት ነው። በጆሮ ካዳመጥናቸው ግን ሁለቱም በአንድ ትንፋሽ የሚወጡ፣ አንዳንድ ቀለም ብቻ ናቸው። «ቀርቀሃ» በፊደል አራት፣ በጆሮ ሦስት ነው። ሳድሱ ፊደል አንዳንዴ ይሰማል፤ አንዳንዴ ይዋጣል። እንግዲህ በወረቀት ላይ በጣቱ እየጠቆመ የሚቆጥር ተማሪና በጆሮው የሚመዝን ሽማግሌ አንዱን ግጥም ሁለት ልክ ይሰጡታል። ደንቡ «በፊደል» ካለ ያልተማረው ይወድቃል፤ «በጆሮ» ካለ ደግሞ ጆሮው የማን እንደሆነ መጠየቅ ይመጣል። ጃፓኖችም ቢሆኑ የሚቆጥሩት እኛ ቀለም የምንለውን አይደለም፤ በመጨረሻ የምትመጣው «ን» እንኳ በእነርሱ ቁጥር አንድ ሙሉ ድምፅ ናት።

የእኛም ግጥም ቁጥር አለው። ሰንጎ መገን የሚባለው አምስት አምስት እያለ ይሄዳል፤ የወል ቤት ስድስት ስድስት ይላል። እነዚህን ልኮች ማንም በማስታወቂያ አላወጃቸውም። እረኛውም አልቃሿም ሳይቆጥሩ ያውቋቸዋል። ከውጭ የመጣ ቁጥር ግን ገና ጆሮ ውስጥ አልገባምና በጣት ይቆጠራል። በጣት የሚቆጠር ነገር ደግሞ ለዳኛ ምቹ ነው። አደጋው እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ዳኛ መመዘን የሚገባውን ትቶ መቁጠር የሚችለውን ይይዛል። ይህ በግጥም ብቻ የሚደርስ አይደለም፤ ፈተና አርሞ የሚያውቅ መምህር ሁሉ ይህን ፈተና ያውቀዋል።

* * *

እንግዲህ በአንድ አጭር ግጥም ውስጥ ሁለት ነገሮች እንዳሉ እንለይ። አንዱ ሥራው ነው፤ የቃሉ ምርጫ፣ ልኩ፣ የት ተቆርጦ የት እንደሚቀጥል። ሌላው ማየቱ ነው፤ ሰውዬው በቦታው ቆሞ ያስተዋለው። ሥራው ሊመዘን ይችላል። አናጢ የሌላውን አናጢ በር አይቶ «ማጠፊያው ጠሟል» እንደሚለው ሁሉ፣ ግጥም የለመደ ሰውም «ይህ ቃል ሁለት ጊዜ ተባለ፤ ይህ መስመር የሚቀጥለውን አስቀድሞ ተናገረበት» ማለት ይችላል። ማየቱስ? ማየት ምስክርነት ነው። ምስክር እውነት ተናገረ ወይም አልተናገረም ይባላል እንጂ ሁለተኛ ወጣ ይባላልን?

ኮባያሺ ኢሳ የተባለው የጃፓን ገጣሚ በ1819 እ.ኤ.አ. ትንሽ ሴት ልጁን ፈንጣጣ ነጠቀው። ስለ ሞቷ ሃይኩ ጻፈ። ያን ግጥም ከሌላ ሰው የአበባ ግጥም ጋር አስተካክሎ ቁጥር የሚሰጥ ዳኛ ምን ዓይነት ሰው ነው? ራቅ ብለን መሄድም አያሻንም። ፈቃደ አዘዘ በ1998 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በእንግሊዝኛ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የሰሜን ሸዋ ገበሬዎች ስለ ድርቅና ስለ ረሃብ የገጠሟቸውን ቃል ግጥሞች ሰብስበው አቅርበውልናል። እጅግ አጫጭር ናቸው። ጎተራው ባዶ የሆነበት ሰው፣ ልጁን የቀበረ ሰው፣ ፈጣሪውን የሚጠይቅ ሰው በጥቂት ስንኝ የተናገራቸው ናቸው። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ስለ ያልተሰሙ ድምፆች ይናገራል። እነዚያን ድምፆች በተራ አሰልፎ «አንተ ሦስተኛ» ማለት ነውር እንደሆነ ለመረዳት ፍልስፍና መማር አያስፈልግም፤ ለቅሶ ቤት ደርሶ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። አልቃሽ በሙያዋ ትመሰገናለች፤ ሐዘንተኛ ግን በሐዘኑ አይወዳደርም።

* * *

«እንግዲያማ ውድድሩ ይቅር!» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔም እስከዚህ ድረስ ስጽፍ ወደዚያ ያጋደልሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ሁለት ሰዎች መንገዴን ይዘጉብኛል፤ አንዱ ጃፓናዊ ነው፤ አንዱ የአገራችን ተማሪ።

ጃፓናዊው ራሱ ባሾ ነው። በዘመኑ በየከተማው ስንኝ እየተቀበሉ፣ ነጥብ እየሰጡ፣ ዋጋ እያስከፈሉ የሚኖሩ ዳኞች ነበሩ። ባሾ ይህን አይወድም ነበር። በ1692 እ.ኤ.አ. ለአንድ ደቀ መዝሙሩ በጻፈው ደብዳቤ ገጣሚዎችን በሦስት ከፈላቸው። ሌት ተቀን ነጥብ የሚያሳድዱትን ከታች አስቀመጣቸው። ከእነርሱ በላይ፣ ማሸነፍ መሸነፉ ሳያስጨንቃቸው እንደ ልጆች ጨዋታ የሚጫወቱትን ባለጸጎች አደረገ። ከሁሉ በላይ በቅንነት መንገዱን የሚከተሉትን ጥቂቶች አስቀመጠ። ደስ የሚለው ግን ለታችኞቹ ያሳየው ርኅራኄ ነው፤ ቢያንስ የዳኛውን ሚስትና ልጆች ሆድ ይሞላሉና ክፉ ከመሥራት ይሻላል አለ። እየሣቀ የተናገረው ይመስለኛል። ቢሆንም ከሣቁ በታች ቁም ነገር አለ፤ ለከንቱ ነገር ብሎ ወደ ግጥም የመጣ ሰው ቢያንስ ወደ ግጥም መጥቷል።

ተማሪው ታምሩ ፈይሳ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ «የኮሌጅ ቀን» በሚባለው ዓመታዊ በዓል ተማሪዎች በግጥም ይወዳደሩ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም በበዓሉ ላይ ይገኙ ነበር። የታኅሣሡ ግርግር በተነሣበት በዚያው በ1953 ዓ.ም.፣ ታምሩ «ደሃው ይናገራል» የተሰኘውን ግጥሙን አቀረበ። ርእሱን ብቻ እንመልከት። ደሃ በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥት ፊት የሚናገርበት ወንበር አልነበረውም። ውድድሩ ግን ወንበር ሰጠው። በሌላ ቦታ ቢነገር ክስ የሚያስከትል ቃል፣ የግጥም ውድድር ነውና በጭብጨባ መካከል ተነገረ። ከዚያ ወዲያ የመንግሥት ዐይን በኮሌጁ ግጥሞች ላይ እየጠበቀ መሄዱም የውድድሩን ኃይል ይመሰክራል። እንግዲህ ውድድር የሚባለው ነገር ደረጃ መስጫ ብቻ አይደለም፤ ጆሮ መሰብሰቢያም ነው። ያለ ውድድሩ ማስታወቂያ የፋግታ ለኮማዋ እናትስ ጥላውን ማንን ትጠይቅ ነበር? ለባሏ ነግራው ይሆናል፤ እርሱም «እህ» ብሎ ዝም ብሏል።

ጆሮ መሰብሰቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ ብዛት ሲያገኝ ሌላ ነገር ይሆናል። ኢቶ ኤን የተባለው የጃፓን የሻይ ኩባንያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሃይኩ ውድድር ያካሂዳል፤ የተመረጡትን ግጥሞች በሻይ ጠርሙሶቹ ላይ ያትማቸዋል። ሻይ የሚጠጣ ሰው የማያውቀውን ሰው ስንኝ በእጁ መያዙ ደስ ይላል። ግን የሚላከው ግጥም እጅግ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ሰው ሦስት መስመሩን ወደ ሣጥን ጥሎ መልስ ሳያገኝ ይቀራል። የሠፈር ቤተ መጻሕፍት ግን ትንሽ ነው። የመጡት ሠላሳ ሰዎች ከሆኑ ሠላሳውንም ማዳመጥ ይችላል። ሊመካበት የሚገባው በዚህ ትንሽነቱ ነው።

* * *

ስለዚህ ጥያቄው «ውድድር ይኑር ወይስ አይኑር» መሆኑ ቀርቶ «እንዴት ያለ ዳኛ» ወደሚለው ይዞራል። ለዚህ ደግሞ ጎጃም የቆየ ትምህርት ቤት አለው። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የተጠራ የቅኔ ቤቶች ናቸው። በቅኔ ቤት ተማሪው የሚጀምረው ከሁሉ ባጠረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ነው። ከዚያ ሦስት ቤት ያላቸውን ዘአምላኪየንና ሚበዝኁን ይላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ደረጃ አለ ማለት ነው። ሆኖም ደረጃው የመንገዱ ነው፤ ዛሬ ጉባኤ ቃና ላይ ያለው ልጅ ነገ መወድስ ላይ ይደርሳል።

የአሠራሩ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። ተማሪው ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም መቃብር ቤት ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ቆጥሮ ሲያበቃ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ይሰማል፤ የተሰበረውን ይጠግናል፤ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመበትን ያሳያል። ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ያቃናል። መምህሩ ራሱም ይዘርፋል፤ በተማሪዎቹ ፊት አዲስ ቅኔ ያወርዳል። የራሱን ሥራ ለተማሪዎቹ ጆሮ አጋልጦ የሚያርም ዳኛ ነው። በዚያ ላይ ትናንት የተባለው ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለየበዓሉ አዲስ ይጠበቃል። ትናንት በተናገረው ሲመካ የሚኖር ሰው በቅኔ ቤት ረጅም ዕድሜ የለውም።

ቅኔ ቤቱን ገነት አላደርገውም። ቅናትም ፉክክርም ነበረበት፤ በመኳንንት ፊት ቅኔ አሳምሮ ለመሸለም የደከመ ሊቅም አልጠፋም። ሴቶችም በብዛት ደጁን አልረገጡም። ቢሆንም ሁለት ሥርዓቶችን ልንዋሰው እንችላለን፤ ከፍርድ በፊት ማቃናትን፣ የዳኛውንም ራሱን ማጋለጥ።

* * *

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እርሱም ከሁሉ ይከብዳል። አዊ ዞን በአማራ ክልል ካሉት ሦስት የብሔረሰብ አስተዳደሮች አንዱ ነው። የአገሩ ቋንቋ አዊኛ ከኩሻዊ ቋንቋዎች ወገን የሆነ፣ በፊደላችን የሚጻፍ፣ ሕፃናት በትምህርት ቤት የሚማሩት ቋንቋ ነው። ብዙው ሰው ሁለቱንም ይናገራል፤ በአዊኛ ያለቅሳል፣ በአማርኛ ይከራከራል፤ ወይም የዚህ ተቃራኒ ነው። አሁን ማስታወቂያው በየትኛው ቋንቋ ተለጠፈ? ዳኛውስ በየትኛው ይሰማል?

«በአማርኛ ተርጉሞ ያቅርብ» ማለት ቀላል ነው። ሦስት መስመር ግን ለትርጉም የሚተርፍ ሥጋ የለውም። በልብ ወለድ አንድ ምዕራፍ ቢበላሽ መጽሐፉ ይኖራል፤ በሃይኩ አንድ ቃል ቢሳት የቀረ ነገር የለም። በእናቱ ቋንቋ ጉሙን ያየ ልጅ በሌላ ቋንቋ ሲጽፈው የሚጽፈው የጉሙን ትርጉም ነው። ከዚያ ዳኛው «ቃሉ ሸካራ ነው» ይለዋል። በእርግጥም ሸካራ ሊሆን ይችላል። ግን ሸካራነቱ የልጁ አይደለም፤ በመሻገሪያው ላይ የተሠራ ነው። ዳኛ ሳይሰማ የፈረደ እንደሆነ በየትኛውም ችሎት ፍርዱ ይሻራል። በግጥም ችሎት ለምን ይጸናል?

ስለዚህ አዊኛውን የሚሰማ ዳኛ ከአማርኛው ዳኛ ጎን ይቀመጥ። ሁለቱ ባይግባቡ ይከራከሩ፤ ክርክራቸውንም ሕዝቡ ይስማ። አንዱ ቃል በአንዱ ቋንቋ ለምን እንደሚያምር፣ በሌላው ለምን እንደማይወጣ ሲነጋገሩ የሚሰማ አዳራሽ ከሽልማቱ የበለጠ ነገር ይዞ ይሄዳል።

* * *

እንግዲህ በምናቤ የለጠፍሁትን ማስታወቂያ ልንቀለውና በሌላ ልተካው። አዲሱ እንዲህ ይላል፦ የመጣ ግጥም ሁሉ በጸሐፊው ስም፣ በተጻፈበት ቋንቋ፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ልኩ በጆሮ ይመዘን፤ ከአምስት ሰባት አምስት የወጣም አይባረር። ከውድድሩ ሳምንት በፊት ዳኞቹ ከጸሐፊዎቹ ጋር ተቀምጠው ያቃናሉ፤ የፋግታ ለኮማዋን እናት «የመጀመሪያውን መስመር ብታሳጥሪውስ፣ እመቤቴ?» ይሏታል፤ እርሷም «አምስት ዓመት አጭር መሰለህ እንዴ?» ብላ ልትመልስ ትችላለች፤ ያን ጊዜ መስመሩ መርዘም እንደነበረበት ይገባቸዋል። ልጁንም «ቼሪውን ተወው፤ ዛሬ ጠዋት ስትመጣ ምን አየህ?» ብለው ይጠይቁታል። ሽልማት የሚሰጠው ሰው ስለ ሥራው ብቻ ይሰጠው፤ ዳኛውም ምክንያቱን ቆሞ ይናገር። በመጨረሻም ዳኞቹ እያንዳንዳቸው ከዚያች ከተማ ያዩትን በሦስት መስመር ጽፈው በሁሉ ፊት ያንብቡ። ማንም ሳይሣቅበት ሊፈርድ የሚፈልግ ሰው በዚያ ጠረጴዛ አይቀመጥ።

«ይህ ሁሉ ለአንድ መዝገበ ቃላት!» ትሉ ይሆናል። አዎን፤ ለአንድ መዝገበ ቃላት። ሰው ፍርድን የሚለምደው በትልልቁ ችሎት ብቻ አይደለም። እንዲህ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሳይሰማ የፈረደ ሰው ነገ በቀበሌም በሥራ ቦታም ሳይሰማ ይፈርዳል። ትንሹ ጠረጴዛ ላይ ተሰምቶ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ነገ ሳይሰሙት ሊፈርዱበት ሲነሡ «ቆይ፣ ገና አልጨረስሁም» ማለትን ይለምዳል።

ወደ ጥር 23 ሜዳ ልመለስ። ከዚያ በዓል የሚመለስ ሰው መንገድ ላይ የሚያወራውን ልብ ብላችሁ አዳምጡ። ማን ቀድሞ እንደገባ ያነሣል፤ ግን በዚያ አያበቃም። ስለ አንዱ ፈረስ ጌጥ፣ ስለ አንዱ ሽማግሌ አቀማመጥ፣ ከኋላ ስለቀረው ግን እስከ መጨረሻው ስለጋለበው ልጅ ያወራል። ፈረስ የሚያውቅ ሕዝብ እንዲህ ነው፤ ቀዳሚውን ያከብራል፤ ዐይኑን ግን ከሌሎቹ ላይ አያነሣም። ግጥም የምናውቅ ሕዝብ ነን ማለት እንወዳለን። ታዲያ ከግጥም ውድድር ስንወጣ መንገድ ላይ የምናወራው ስለ ስንቱ ሰው ነው?